ካርቦን ናኖቲዩብ ምን ይልበስ? የካንሰር መድኃኒት ለሚሸከም ቱቦ የሽፋን አመራረጥ

ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ጠረጴዛ ላይ አሉ እንበል። በአንደኛው ውስጥ ውኃና ምንም ያልለበሰ የካርቦን ናኖቲዩብ (ከካርቦን አቶሞች የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ) ዱቄት አለ። ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ) ውስጥ ከታችሁ ግማሽ ሰዓት ብታንቀጠቅጡት ይጠቁርና የተዋሃደ ይመስላል። ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ ግን ጥቁሩ ሁሉ እንደ ጠላ አተላ ከሥር ተኝቷል፣ ከላይ ያለው ውኃ ጠርቷል። ሁለተኛው ብልቃጥ ውስጥ ያለውም ያው ቱቦ ነው። ልዩነቱ ፔግ የሚባል ፖሊመር መልበሱ ብቻ ነው። እሱ ለሳምንታት እንደ ጥቁር ቀለም ሆኖ ይቆያል። አይዘቅጥም፣ አይጓጉልም።

አሁን ሁለቱን ደም ሥር ውስጥ አስቧቸው። የመጀመሪያው ተጓጉሎ የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ይወተፋል። ሁለተኛው ለሰዓታት ከደም ጋር ይዞራል። ቱቦው አንድ ነው፣ ዕጣው ግን ለየቅል። ስለዚህ «ካርቦን ናኖቲዩብ ለካንሰር ይጠቅማል ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ፣ መልሼ የምጠይቀው «ምን የለበሰው?» ብዬ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ርዕስ እየመረጡ ላሉ የኬሚስትሪ፣ የፋርማሲና የባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎች ነው። ቤተሰብ ታሞባቸው ዜና ያዩና የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። ለእነሱ መልሱን ከፊት ላስቀድም። መድኃኒት በካርቦን ናኖቲዩብ ተጭኖ ለካንሰር ሕመምተኛ እንዲሰጥ ፈቃድ ያገኘ ምርት እስካሁን የለም። አንድም። የምታነቧቸው ጥሩ ውጤቶች በሴልና በአይጥ ላይ የተገኙ ናቸው። ሐኪም ያዘዘውን ኬሞ ይህን በመጠበቅ እንዳታዘገዩ፣ በገንዘብ እንሰጣችኋለን የሚል ሰው ካጋጠማችሁም አትመኑት።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ።

መጀመሪያ ነገር፣ ቱቦው ራሱ ያስፈልጋችኋል?

ይህን ጥያቄ ዘለው የሚገቡ ብዙ ናቸው። መድኃኒት ወደ ዕጢ ለመውሰድ ሌሎች ተሸካሚዎች አሉ፣ አንዳንዶቹም ሥራቸውን በሰው ላይ ያስመሰከሩ ናቸው። ሊፖሶምን ውሰዱ። ከስብ የተሠራች ድንቡልቡል ከረጢት ናት፣ መድኃኒቱ ውስጧ ይቀመጣል። ዶክሲል የሚባለው፣ ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በሊፖሶም ታሽጎ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጸድቋል። ሥራው የተጀመረው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ በየሄዝኬል ባረንሆልዝና በአልቤርቶ ጋቢዞን እጅ ነው። እሱም ፔግ የለበሰ ነው። ከዚያ በ2005 አብራክሳን መጣ። ይህ ፓክሊታክሰል የተባለውን መድኃኒት አልቡሚን ከሚባለው የደም ፕሮቲን ጋር አጣብቆ 130 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የሆነ ቅንጣት ያደረገ ነው። በፊት ፓክሊታክሰልን ለማሟሟት የሚጠቀሙበት ከጉሎ ዘይት የሚሠራ ፈሳሽ ከባድ አለርጂ ያመጣ ነበር፣ በአልቡሚን ያ ቀረ።

ታዲያ ቱቦው ምን የተለየ ነገር አለው? ሁለት ነገር።

አንደኛው የገጹ ስፋት ነው። ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ ማለት አንድ አቶም ብቻ ውፍረት ያለው የካርቦን ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቱቦ ሲሆን ነው፣ ስፋቱም ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር ገደማ ነው። እያንዳንዱ አቶም ውጭ ላይ ስላለ የአንድ ግራም ገጽ በስሌት 1,300 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ሦስት የቅርጫት ኳስ ሜዳ በሉት። ዶክሶሩቢሲን ደግሞ ጠፍጣፋ ቀለበቶች ያሉት ሞለኪውል ነው። ጠፍጣፋው በጠፍጣፋው ላይ፣ ልክ እንጀራ መሶብ ውስጥ እንደሚደራረብ፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ምንም የኬሚካል ትስስር አያስፈልገውም። በ2007 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሆንግጄ ዳይ ቡድን በአንድ ግራም ቱቦ ላይ እስከ አራት ግራም ዶክሶሩቢሲን መጫን እንደሚቻል አሳይቷል። ከሸካሚው ጭነቱ በአራት እጥፍ የሚከብድበት ሌላ ተሸካሚ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ የማራገፉ ነገር ነው። ደማችን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲቀንስ ይበልጥ ይኮመጥጣል) 7.4 ነው። የዕጢ አካባቢ ትንሽ ይኮመጥጣል፣ ሴሉ ቱቦውን ውጦ የሚያስቀምጥበት ከረጢት ደግሞ ወደ 5 ይወርዳል። ዶክሶሩቢሲን በአሲድ ውስጥ ይበልጥ ውኃ ወዳድ ስለሚሆን ከግድግዳው ይላቀቃል። መንገድ ላይ ይያዛል፣ ሲደርስ ይወርዳል። ይህ ለዚህ መድኃኒት ትልቅ ነገር ነው። ዶክሶሩቢሲን በደም ሥር ሲንጠባጠብ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ደም የሚመስል ቀይ ነው፣ የታማሚውን ሽንት ሳይቀር ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል። ልብን ስለሚጎዳ ሰው በዕድሜው ሙሉ ሊወስደው የሚችለው መጠን የተገደበ ነው። ልብ ሳይነካ ዕጢ ላይ ቢወርድ ኖሮ የሚባልለት መድኃኒት ቢኖር እሱ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቱቦው ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ውጦ ይግላል። በ2005 ያው ቡድን ፎሊክ አሲድ ያንጠለጠለ ቱቦ ወደ ካንሰር ሴሎች አስገብቶ በ808 ናኖሜትር ሌዘር አቃጥሏቸዋል፣ ቱቦውን ያልዋጡት ሴሎች ተርፈዋል። ወርቅም ይህን ይሠራል። ሙቀት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ወርቅ ይሻላችኋል፣ የገጹ ኬሚስትሪ የታወቀ ነው፣ በሰው ላይም ተሞክሯል። መድኃኒትና ሙቀትን አንድ ላይ ከፈለጋችሁ ግን ቱቦው ይቀድማል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ዶክሶሩቢሲንን ዕጢ ውስጥ ማድረስ ብቻ ከሆነ ዓላማችሁ ሊፖሶም ምረጡ። ብዙ ጭነት፣ በአሲድ የሚፈታ፣ በብርሃን የሚግል ነገር ማጥናት ከሆነ ቱቦው ተገቢ ነው። «አዲስ ስለሆነ» ብቻ ከሆነ አትግቡበት። ሱሚዮ ኢጂማ ጃፓን ውስጥ ስለ እነዚህ ቱቦዎች የጻፈው በ1991 ነው፣ አዲስ የሚባል አይደለም።

የትኛው ቱቦ?

ባለ አንድ ግድግዳ ወይስ ባለ ብዙ ግድግዳ? ባለ ብዙ ግድግዳው ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ ግን ውስጥ ያሉት ግድግዳዎች መድኃኒት አይነኩም። ክብደት ብቻ ናቸው። ለጭነት ባለ አንድ ግድግዳው ይበልጣል። በጀታችሁ ካልፈቀደ በባለ ብዙ ግድግዳ መሥራት ነውር የለውም፣ ብቻ በባለ አንድ ግድግዳ የተገኘን ቁጥር ከእናንተ ጋር አታወዳድሩ።

ከግድግዳው ቁጥር ይልቅ ልትጨነቁበት የሚገባው ርዝመቱ ነው። በ2008 የኤዲንብራ ተመራማሪዎች ረጃጅም ባለ ብዙ ግድግዳ ቱቦዎችን በአይጥ ሆድ ዕቃ ውስጥ አስገብተው እንደ አስቤስቶስ ዓይነት ጉዳት አዩ። አጫጭሮቹና የተጠቀለሉት ያን አላደረጉም። ነገሩ ግልጽ ነው። የሰውነት ጠራጊ ሴል ባዕድ ነገር ሲያገኝ ይውጣል። ከእሱ የረዘመ ጦር ሲያጋጥመው ግማሹን ይውጥና ይቀራል፣ ታንቆ እብጠት ያስነሳል። በ2014 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን ዓይነት፣ ሚትሱይ 7 የሚባለውን ባለ ብዙ ግድግዳ ቱቦ፣ ለሰው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው ነገሮች ምድብ አስገባው። ስለ ሌሎቹ ለመፍረድ ማስረጃው አልበቃም አለ። ካንሰር ልታክሙበት የመረጣችሁት ነገር ካንሰር እንዳያመጣ መጠንቀቅ የእናንተ ድርሻ ነው። ከአንድ ማይክሮሜትር በታች የተቆረጡ፣ ቢቻል 200 ወይም 300 ናኖሜትር አካባቢ የሆኑትን ምረጡ።

እግረ መንገዴን ስለ እናንተም ሳንባ ልናገር። ደረቁ ዱቄት በጣም ቀላል ነው፣ ማንኪያ ስታነሱ ብቻ ይበናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም በ2013 ያስቀመጠው ምክር በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ነው። ይህ በጣም ትንሽ መጠን ነው። የጭስ መሳቢያው የማይሠራ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሆናችሁ ደረቁን አትግዙ። በፈሳሽ ተበትኖ የሚሸጠውን ግዙ። የቀዶ ጥገና ማስክ ለዚህ አይበቃም።

ሽፋኑ እንዴት ይያዝ?

ሁለት መንገድ አለ፣ ተማሪዎች ብዙ የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። አንዱ ቱቦውን በአሲድ ማብሰል ነው። ሦስት እጅ ሰልፈሪክ አሲድ ከአንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ቱቦው ላይ የካርቦክሲል መንጠቆዎች ያበቅላል፣ ከዚያ ሽፋኑ በኬሚካል ትስስር ይታሰራል። ጠንካራ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ አይገፈፍም። አሲዱ በተጨማሪ ከፋብሪካ የተረፈውን ብረትና ኒኬል ያጥባል፣ ቱቦውንም ያሳጥራል። ጥሩ ነገሩ ይህ ነው። መጥፎው ደግሞ ጠፍጣፋውን ግድግዳ ይበሳሳዋል። ዶክሶሩቢሲን የሚለጠፍበት ቦታ ይቀንሳል፣ የብርሃን ጠባዩም ይበላሻል። በራማን መሣሪያ (በሌዘር የግድግዳውን ጉዳት በሚያሳየው) ስታዩት በ1,350 አካባቢ ያለው ጫፍ በ1,590 ካለው ጋር ሲወዳደር ከፍ ካለ በጣም አብስላችሁታል ማለት ነው።

ሌላው ሽፋኑን ያለ ትስስር መለጠፍ ነው። ፎስፎሊፒድ ፔግ የሚባለው አንድ ጫፉ ስብ፣ ሌላው ጫፉ ፔግ ነው። የስብ ጫፉ ግድግዳውን ያቅፋል፣ ፔጉ ወደ ውኃው ይዘረጋል። ግድግዳው ሳይነካ ይቀራል። ዋጋው ግን አይቀመስም፣ ሽፋኑም ደም ውስጥ ቀስ በቀስ ሊላቀቅ ይችላል። ፕሉሮኒክ የተባለው ርካሽ ፖሊመርም ይሠራል፣ ግን ስታቀጥኑት ይበልጥ ይላቀቃል፣ ለሴል ሙከራ እንጂ ለእንስሳ አልመክረውም።

በአጭሩ፣ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ልትደራርቡት ከሆነ አትብሱት። መድኃኒቱን በትስስር ልታስሩት ከሆነ፣ ለምሳሌ ፕላቲነም ያለበትን፣ አሲዱ ይሻላል።

አሁን ሽፋኖቹ

ፔግ የብዙዎቹ ምርጫ ነው፣ ምክንያትም አለው። ውኃ ይይዛል፣ የደም ፕሮቲኖች እንዳይለጠፉ ይከላከላል፣ ጉበትና ጣፊያ ቶሎ አይለቅሙትም። በ2008 የስታንፎርዶቹ በአይጥ ላይ ቅርንጫፍ ያለው ረጅም ፔግ ያለበሱት ቱቦ እስከ አንድ ቀን ደም ውስጥ ቆየ፣ ከዋና ዋና አካላትም በሁለት ወር ገደማ ተጠርጎ ወጣ፣ መንገዱም በሐሞት በኩል ነበር። በዚያው ዓመት ፓክሊታክሰል ጭነው በአይጥ የጡት ካንሰር ላይ ሲሞክሩት ዕጢው ውስጥ የገባው መድኃኒት ከታክሶል፣ ማለትም ከተለመደው የፓክሊታክሰል መርፌ፣ አሥር እጥፍ ሆነ። አጭርና ቀጥ ያለ ፔግ ያንን አይሰጥም። ስለዚህ «ፔግ አልብሻለሁ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ስንት ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ)? ቅርንጫፍ አለው? በአንድ ቱቦ ላይ ምን ያህል ጥቅጥቅ ብሏል?

ጉዳቱስ? አንዳንድ ሰው ደሙ ውስጥ ፔግን የሚያጠቃ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) አለው። በሊፖሶም እንደታየው ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው ቶሎ ከደም ሊጠረግ ይችላል። ፔግ ጥሩ ስለሸፈነ ደግሞ ሴሉም አይቀርበውም። ደም ውስጥ ይቆያል፣ ሴል ውስጥ ለመግባት ይሰንፋል። ለዚህ ነው ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ማለትም የካንሰር ሴሉን የሚይዝ ሞለኪውል፣ የሚፈልገው፣ እመለስበታለሁ።

ኪቶሳን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ ነው። ርካሽ ነው፣ ለመሥራት ቀላል ነው፣ በአሲድ ውስጥ ያብጥና ይከፈታል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ በዕጢ አካባቢ እንዲወርድ ያግዛል። በሴል ሙከራ ላይ ቆንጆ ውጤት ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ኪቶሳን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት ስላለው አሉታዊ በሆነው የሴል ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ችግሩ ጤነኛውም ሴል ቆዳው አሉታዊ መሆኑ ነው። የምታዩት ከፍተኛ መዋጥ «ኢላማ» አይደለም፣ ሁሉንም መያዝ ነው። ደም ውስጥ ደግሞ ከፕሮቲን ጋር ይጓጉላል። ፒኤች ከ6.5 በላይ ሲሆን መሟሟቱም ይቀንሳል፣ ደም ደግሞ 7.4 ነው። እኔ ኪቶሳንን የምመርጠው በቀጥታ ዕጢው ላይ ለሚደረግ ነገር ነው፣ ለደም ሥር መርፌ አይደለም።

ሃያሉሮኒክ አሲድ የእኔ አድልዎ ያለበት ምርጫ ነው፣ አልደብቅም። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ስኳር ነው። ውኃ ይወዳል፣ ቱቦውን በደንብ ይበትናል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሲዲ44 የሚባለው የሴል ተቀባይ ያውቀዋል። ብዙ የካንሰር ሴሎች ይህን ተቀባይ አብዝተው ይይዛሉ። ማለትም ልብሱና መንጠቆው አንድ ነገር ነው፣ ሌላ ሞለኪውል መቀጠል የለባችሁም። ሥራ ይቀንሳል፣ የሚበላሽ እርምጃም ይቀንሳል። ችግሩ ጉበት ውስጥም የሚይዙት ሴሎች መኖራቸው ነው፣ ሰውነትም ይቆራርጠዋል። ጉበት ላይ ስንት እንደቀረ ሳትለኩ «ደረሰ» ማለት አትችሉም።

አልቡሚንም አለ። ሞቅ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ቱቦውን ይለብሰዋል፣ በቀላሉም ይገኛል። ለመጀመሪያ ልምምድ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ብዙ አልጠብቅበትም።

«ኢላማ» የሚለው ቃል

ይህ ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። መንጠቆ ያለው ቱቦ መንገድ እየጠየቀ ወደ ዕጢው የሚሄድ ይመስለናል። አይሄድም። ደም ወደ ወሰደው ይሄዳል። መንጠቆው የሚሠራው ቱቦው ሴሉን ከነካ በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ይይዘዋል፣ እንዲዋጥ ያደርገዋል። እስከዚያ ድረስ ያለውን ጉዞ የሚወስነው ልብሱና መጠኑ ነው። በ2016 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ በአይጥ ደም ውስጥ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት መካከለኛው ውጤት 0.7 በመቶ ብቻ ነው ዕጢው የደረሰው። ከሺህ ሰባት። መንጠቆ የነበራቸውም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ይህን ቁጥር ስትሰሙ ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን የጥናታችሁን መግቢያ ስትጽፉ አስታውሱት።

ከመንጠቆዎቹ ፎሊክ አሲድ ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይበላሽም ማለት ይቻላል፣ ከብርሃን ብቻ ጠብቁት። የማህፀን እንቁላል ማምረቻ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የፎሌት ተቀባይ አብዝቶ ይይዛል። ኩላሊትም ይይዛል፣ ይህ መዘንጋት የለበትም። ፎሌትን ከመድኃኒት ጋር በቀጥታ ያሰረው ቪንታፎላይድ በ2014 በሦስተኛው ደረጃ ሙከራ ላይ ወደቀ። በተቃራኒው ይህንኑ ተቀባይ በአንቲቦዲ የሚይዘው ሚርቬቱክሲማብ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። ተቀባዩ አንድ ነው፣ የያዘው እጅ ተለወጠ።

አንቲቦዲ የሚይዘውን ሴል ከሌላው በጥራት ለይቶ ያውቃል። ሄርቱ (ኤችኢአር 2) የሚባለው ተቀባይ የበዛበትን የጡት ካንሰር የሚይዘው ትራስቱዙማብ ምሳሌ ነው። ግን ትልቅ ነው፣ ከባለ አንድ ግድግዳ ቱቦው ስፋት ብዙ እጥፍ። ተገልብጦ ከተለጠፈ አይሠራም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። አገር ቤት ሆናችሁ ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ወራት የምትጠብቁ፣ መብራትም የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ፣ አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣው ከጠፋ የዓመት በጀታችሁ ሊሄድ ይችላል። ለማስተርስ አልመክረውም።

አርጂዲ የሚባለው አጭር ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁራጭ) ደግሞ ዕጢው አዲስ በሚያበቅላቸው የደም ሥሮች ላይ ያለውን ኢንተግሪን የተባለ ተቀባይ ይይዛል። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። የደም ሥሩ ግድግዳ ቱቦው ቀድሞ የሚያገኘው ነገር ስለሆነ ዕጢው ውስጥ ዘልቆ እስኪገባ መጠበቅ የለበትም። በ2007 በአይጥ ላይ ጥሩ ውጤት የሰጠው ፔግ የለበሰ ቱቦ ይህንን ነበር ያንጠለጠለው።

የትኛውንም ብትመርጡ መንጠቆው የፔጉ ጫፍ ላይ ይሁን። ሥር ላይ ከታሰረ ፔጉ ይሸፍነዋል፣ ሴሉ አያየውም።

እኔ ሦስት ወር ያባከንኩበት ነገር

ፎሊክ አሲድ ያንጠለጠለ ቱቦ ሠርቼ ሴሎቹ ላይ አፈሰስኩ። ልዩነት የለም። መንጠቆ ያለውና የሌለው እኩል ተዋጡ። እንደገና ሠራሁ፣ ያው። ኬሚስትሪውን ተጠራጠርኩ፣ ሽፋኑን ለወጥኩ፣ ፎሊክ አሲዱን በእጥፍ ጨመርኩ። ጥፋቱ ግን ሴሎቹ የሚኖሩበት ፈሳሽ ውስጥ ነበር። አርፒኤምአይ 1640 የሚባለው የተለመደው የሴል ምግብ በአንድ ሊትር 1 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ አለው። ይህ በሰው ደም ውስጥ ካለው በጣም የበዛ ነው። ተቀባዮቹ ሁሉ አስቀድመው ተይዘዋል፣ የእኔ ቱቦ ሲመጣ ባዶ ቦታ አላገኘም። ፎሌት የሌለበት አርፒኤምአይ ለብቻው ይሸጣል። እሱን ግዙ፣ ሴሎቹን ለተወሰኑ ትውልዶች በእሱ አሳድጉ፣ ከዚያ ሞክሩ።

የሴል ምርጫውም ያው ነው። ሰው ሁሉ ያለውን ሴል ነው የሚጠቀመው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤምሲኤፍ 7 የሚባለው የጡት ካንሰር ሴል ነው። እሱ ፎሌት ተቀባዩ ትንሽ ነው፣ ሲዲ44ቱም ትንሽ ነው፣ ሄርቱውም ትንሽ ነው። ለፎሌት ኬቢ ወይም ሂላ የሚባሉትን ሴሎች ፈልጉ፣ ለሃያሉሮኒክ ኤምዲኤ ኤምቢ 231፣ ለሄርቱ ኤስኬቢአር 3። ኤምሲኤፍ 7ን እንደ ማነጻጸሪያ አስቀሩት፣ ለእሱ በጣም ይጠቅማል። መንጠቆው በእውነት የሚሠራ ከሆነ ልዩነቱ እዚያ ይታያል።

ሌላ ወጥመድ ኤምቲቲ ነው። ሴል ይሙት ይኑር የሚለካው ይህ ምርመራ ወይን ጠጅ ክሪስታል ይሠራል፣ ክሪስታሉ ደግሞ ቱቦው ላይ ይጣበቅና አይሟሟም። ቀለሙ ይቀንሳል፣ እናንተም ሴሉ ሞቷል ትላላችሁ። በ2006 ጀርመን ውስጥ ይህ በግልጽ ታይቷል። ደብሊውኤስቲ 1 የሚባለውን፣ ቀለሙ የሚሟሟውን ምርመራ ተጠቀሙ፣ ወይም ቢያንስ በሌላ ዘዴ አረጋግጡ።

ያልተጫነውን መድኃኒት ማጠብም አለ። በማጣሪያ ስታጥቡት የሚወርደው ፈሳሽ መጀመሪያ ቀይ ነው፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ ቀጥሎ የሻይ ውኃ ይመስላል። ጠርቶ እስኪወርድ አታቁሙ። ያልታጠበ ነፃ ዶክሶሩቢሲን ከቀረ ሴሉን የሚገድለው እሱ ነው፣ ምስጋናው ለቱቦው ይሄዳል። ጭነቱን በፍካት አትለኩት፣ ቱቦው ፍካቱን ያጠፋዋል። በ480 ናኖሜትር የሚውጠውን ብርሃን ለኩ፣ የቱቦውን ድርሻ ቀንሱ።

እንግዲህ የትኛውን?

ጊዜያችሁ አንድ ዓመት፣ በጀታችሁ ትንሽ፣ እንስሳ የሌላችሁ ከሆናችሁ፦ ቀለል ባለ አሲድ የታጠበና ያጠረ ቱቦ፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ ልብስ፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ኤምዲኤ ኤምቢ 231 ከኤምሲኤፍ 7 ጋር። ይህ ንጹሕ ጥያቄ ነው፣ ያልቃልም።

የእንስሳ ሙከራ ካላችሁ፦ ባለ አንድ ግድግዳ አጭር ቱቦ፣ ፎስፎሊፒድ ፔግ ቅርንጫፍ ያለው፣ ጫፉ ላይ አርጂዲ። ጉበት፣ ጣፊያና ሳንባ ለብቻ ይለኩ፣ ክትትሉም ከሁለት ወር አይነስ። መንጠቆ የሌለው ፔግ ብቻ የለበሰ ቡድንና፣ ከተቻለ፣ በሊፖሶም የታሸገ ዶክሶሩቢሲን የሚወስድ ቡድን ይኑራችሁ። ብዙ ጽሑፍ ቱቦውን ከነፃ መድኃኒት ጋር ብቻ ያወዳድርና አሸነፍኩ ይላል። ሕመምተኛው ግን ዛሬ ሊፖሶም ማግኘት ይችላል፣ መወዳደር ያለባችሁ ከእሱ ጋር ነው።

ኪቶሳን ይዛችሁ የጀመራችሁ ከሆነ አትጣሉት። ጥያቄውን ቀይሩት፣ ከደም ሥር አውጥታችሁ ዕጢው ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ ጄል አድርጉት።

ከማዘዛችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ። የተረፈው ብረት ስንት በመቶ ነው? አማካይ ርዝመቱ ስንት ነው፣ በምን ተለካ? ሽፋኑስ ከቱቦው ክብደት ስንት እጁ ነው? በመጨረሻው ላይ ሻጩ «ፔግ አለው» ብቻ ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ያልለበሰውን ገዝታችሁ ራሳችሁ አልብሱት።